የድሮ ትንሽ ቫን የጭነት ክፍል፦ ያስገባችሁት ሁሉ መውጣት መቻል አለበት

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት የድሮ ቫን ወለል ለማንሳት ሦስት ሰዓት ፈጅቶብኛል። ወለሉ ኮምፔንሳቶ ነው። እጁ የተባረከ አናጺ የሠራው፣ ጠርዙ በደንብ የተላገ፣ ቫርኒሹ የሚያብለጨልጭ። ግን 30 በሚሆኑ የእንጨት ብሎኖች በቀጥታ ላሜራው ላይ ተመትቶ ነበር፤ ብሎኖቹም ዝገው አልዞር አሉ። የሁሉንም ጭንቅላት አንድ በአንድ በድሪል እየበላሁ አነሳሁት። ሥሩ ስፖንጅ ተነጥፏል፣ ስፖንጁም ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። እሱን ገፍፌ ላሜራውን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ።

ከላይ ሲታይ ግን ሁሉ ነገር አዲስ ይመስል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደንብ አለኝ። የቆየች ትንሽ ቫን ውስጥ የምታስገቡት ነገር ሁሉ፣ ወለልም ይሁን መደርደሪያ፣ ያለ ግሪንደር፣ በሁለት ቁልፍ ብቻ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መውጣት መቻል አለበት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ደንብ የሚነሳ ነው። የማይወጣ ነገር ሥሩን ማየት አይቻልም፤ ያልታየ ላሜራ ደግሞ ይበሰብሳል። ሌላም አለ። እነዚህ መኪኖች ከእኛ በፊት ባለቤት ነበራቸው፣ ከእኛ በኋላም ይኖራቸዋል። ቀጣዩ ሰው የእኛን መሳቢያ ላይፈልገው ይችላል። ሲያወጣው መኪናዋን በቀዳዳ ተበሳስታ ማግኘት የለበትም።

መጀመሪያ ስለምን ዓይነት መኪና እንደምናወራ እንስማማ። እንደ ሲትሮዬን 2ሲቪ ቫን፣ ሞሪስ ማይነር ቫን፣ ሚኒ ቫን፣ ሬኖ 4 ፉርጎኔት ያሉትን ማለቴ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የወጡ፣ ከቤት መኪና የተወለዱ ናቸው። ሞተሩም፣ ፍሬኑም ከቤት መኪናው የመጣ ነው ማለት ይቻላል፤ ኋላው ብቻ የላሜራ ሳጥን ሆኗል። ይኼን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ሳጥኑ ትልቅ ስለሚመስል ብዙ የሚችል ይመስለናላ! አይችልም። በ1951 የወጣችው የ2ሲቪ የመጀመሪያዋ ቫን የመጫን አቅሟ 250 ኪሎ ነበር። ሞተሯ 375 ሲሲ ነው፤ ከብዙ የዛሬ ሞተር ሳይክሎች ያንሳል።

ስለዚህ እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ ያዙ። በርች የሚባለው ጠንካራ ኮምፔንሳቶ በአንድ ሜትር ኩብ 680 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። 18 ሚሊ ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር 12 ኪሎ ገደማ ነው ማለት ነው፤ 9 ሚሊው ደግሞ 6 ኪሎ። እንግዲህ 1.6 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነ ወለል በ18 ሚሊ ብትሠሩ 23 ኪሎ ሄደ። ሁለቱን ጎን በ9 ሚሊ ብትሸፍኑ ሌላ 16 ኪሎ። መደርደሪያና መሳቢያ ስትጨምሩ 40 ኪሎ በቀላሉ ይደርሳል። አንድም ዕቃ ሳትጭኑ 80 ኪሎ አለቀ። 250 ኪሎ ለምትችል መኪና ይህ ሲሶዋ ነው። የመኪናዋ መመሪያ ደግሞ የሹፌሩ ክብደት በአቅሙ ውስጥ ተቆጥሮ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ይናገራል፤ ፈልጉትና አንብቡት፣ ልዩነቱ የአንድ ሰው ክብደት ነው።

መፍትሔው ቀጭን መሥራት ነው። ለወለል 9 ሚሊ ከበቂ በላይ ነው፣ ከሥሩ የላሜራው ሸንተረሮች ይይዙታላ። ለጎን 4 ሚሊ ይበቃል፤ እንዲያውም ቀጭኑ የላሜራውን ጉብጠት ተከትሎ ስለሚታጠፍ ይሻላል። ፖፕላር የሚባለው ቀላል ኮምፔንሳቶ ከበርቹ በሲሶ ያህል ይቀልላል፣ ለመደርደሪያ እሱን እመርጣለሁ። ኤምዲኤፍና ቺፑድ ግን እባካችሁ አታስገቡ። ይከብዳሉ፣ እርጥበት ሲነካቸው ደግሞ ያብጡና ብሎን መያዝ ያቆማሉ።

ክብደቱ ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንደተቀመጠም መኪናዋን ይቀይራታል። ከኋላ ጎማ በስተጀርባ የተጫነ ነገር እንደ ሚዛን ነው የሚሠራው፤ ኋላውን ሲጫን ፊቱን ያነሳል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2 ሜትር ያላት መኪና እንውሰድ። ከኋላ ጎማው ግማሽ ሜትር አልፎ፣ በሩ ጋ፣ 100 ኪሎ ብታስቀምጡ የኋላ ጎማዎች የሚሸከሙት 100 ሳይሆን 125 ኪሎ ጭማሪ ነው። 25ቱ ከየት መጣ? ከፊት ጎማዎች ላይ ተነስቶ ነው። 2ሲቪ፣ ሬኖ 4 እና ሚኒ ደግሞ የሚጎተቱት በፊት ጎማ ነው። የሚጎትተውም፣ የሚያዞረውም፣ ብዙውን ፍሬን የሚይዘውም ያው ጎማ ነው፤ እሱን ስታቀሉት እርጥብ ዳገት ላይ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል። ሞሪስ ማይነር በኋላ ጎማ ስለሚገፋ ዳገቱን ይወጣው ይሆናል፣ መሪው ግን ይቀልና የት እንደሚሄድ እርግጠኛ መሆን ያቅታል።

ስለዚህ ከባዱ ሁሉ ከመቀመጫው ጀርባ፣ ወለል ላይ። በሩ ጋ ቀላሉ። ከፍ ብሎ የሚሰቀለውም ቀላሉ ብቻ፤ የ2ሲቪ ሱስታ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ከላይ የከበደ መደርደሪያ ይዛ ስትታጠፍ ምን ያህል እንደምታጋድል ያየ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ግራና ቀኙ ነው። ብዙውን ጊዜ ብቻችሁን የምትነዱ ከሆነ አንዱ ጎን ቀድሞም የእናንተን ክብደት ተሸክሟል። ትልቁን ካቢኔት በተቃራኒው ጎን አድርጉት።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። አንድ 20 ኪሎ የሚመዝን የመፍቻ ሳጥን ከኋላችሁ ሳይታሰር ተቀምጧል እንበል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ከሆነ መጥፎ ነገር ሲደርስ መኪናዋ ትቆማለች፣ ሳጥኑ ግን በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል። ያ ሳጥን የያዘው ጉልበት 10 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ላይ ሲወድቅ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ አንድ ሰው የመፍቻ ሳጥን ወደ ታች ሲለቅ አስቡት፤ ታች የቆመው ሰው ደግሞ እናንተ ናችሁ፣ ያውም በጀርባችሁ። እነዚህ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ የራስ መደገፊያ የለም። ከመቀመጫው ጀርባ መከለያ የሌላቸውም አሉ።

ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሳይጀመር በፊት መከለያ ይገባል። ከብረት ቱቦ የተሠራ ፍሬምና በላዩ የተበየደ የብረት ፍርግርግ ይበቃል፤ ከላሜራ ይቀልላል፣ በኋላው መስታወት ማየትም አይከለክልም። የሚታሰረው ግን የት ነው? ተራ ላሜራ ላይ የታሰረ መከለያ ሲመታ ላሜራውን ቀድዶ ይመጣል። ድርብ ብረት ያለበትን ቦታ ፈልጉ፦ የበሩ ምሰሶ፣ የወለሉ ተሻጋሪ ብረት፣ የሻንሲው መጋጠሚያ። ለዕቃ ማሰሪያ ቀለበቶችም ደንቡ ይኸው ነው። ከሥር ደግሞ ተራ ሮንዴላ ሳይሆን መዳፍ የሚያህል የብረት ሳህን ይግባ፣ ጉልበቱ በሰፊ ቦታ እንዲከፋፈል።

ወደ ዝገት እንመለስ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ውኃ ወደ ጭነት ክፍሉ በሦስት መንገድ ይገባል። አንደኛው ፍሳሽ ነው፦ የኋላ በር ጎማ፣ የመስታወት ጎማ፣ የጣሪያ መጋጠሚያ። ይህን ለማወቅ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባና በሩ ይዘጋበት። ሌላው ከውጭ በውኃ ጎማ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ያርጥብ። ከላይ ከጀመራችሁ ውኃው በሁሉም ላይ ይወርድና የቱ እንደሚያፈስ አይለይም። ውስጥ ያለው ሰው ጠብታ ባየበት ቅጽበት ጮክ ብሎ ይናገር፣ በጠመኔም ምልክት ያድርግ። ሁለተኛው መንገድ እርጥብ ጫማና እርጥብ ዕቃ ነው፣ ስለሱ ብዙ የሚባል የለም።

ሦስተኛው ነው ተንኮለኛው፤ ከየትም ያልፈሰሰ ውኃ። አየር ሲሞቅ ብዙ እርጥበት ይሸከማል፣ ሲቀዘቅዝ ያን መሸከም ያቅተዋል። ላሜራ ደግሞ ማታ በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ውስጥ ያለው ሞቅ ያለ አየር የቀዘቀዘውን ላሜራ ሲነካ እርጥበቱን እዚያው ይለቀዋል፣ ልክ የቀዘቀዘ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ከውጭ በኩል እንደሚያልበው። ባዶ ቫን ውስጥ ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ያ ላብ ይደርቃል። የጎን ኮምፔንሳቶ ከመታችሁ በኋላ ግን ከጀርባው አየር አይዘዋወርም። ላቡ ይወርድና ታች ተጠራቅሞ ይቀመጣል። ከጀርባው የብርጭቆ ሱፍ ወይም ስፖንጅ ካደረጋችሁማ የሚጠጣው አገኘ ማለት ነው፤ ያችን የመጀመሪያዋን ቫን የበላት ይኼው ነው።

እና ምን ይደረግ? ድምፅና ሙቀት መከላከያ ከፈለጋችሁ ውኃ የማይጠጣውን፣ ቀዳዳዎቹ የተዘጉትን ፎም ተጠቀሙ፣ እሱም ላሜራው ላይ ጥብቅ ብሎ ይለጠፍ፣ በመካከል አየር እንዳይቀር። ድምፅ ለመቀነስ ሰፊውን የጎን ላሜራ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም። ያ ላሜራ እንደ ከበሮ ነው የሚጮኸው፤ መሃሉ ላይ ሩብ ያህሉን የሚሸፍን የቡቲል ምንጣፍ፣ ማለትም የሚጣበቅ ከባድ ጎማ መሰል ንጣፍ፣ ብትለጥፉበት ጩኸቱ ይሞታል። ከዚያ ያለፈው ክብደት ነው። የጎን ኮምፔንሳቶው ታችና ላይ ጫፍ ላይ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ። የበሮችና የጎን ግድግዳ ታች ላይ ያሉትን ትንንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በምንም ምክንያት አትድፈኑ፤ ይልቅ በቀጭን ሽቦ ጥረጓቸው።

ሁሉ ነገር ከመግባቱ በፊት ላሜራው ራሱ ይታከማል። ዝገቱ እስከ ንጹህ ብረት ይፋቃል፣ አንቲሩጂኒ ይቀባል፣ ቀለም ይቀባል፣ ብሩሽ የማይደርስበት ውስጠኛ ክፍተት ደግሞ በረጅም ቱቦ ሰም ይረጭበታል። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ጊዜ ካጠራችሁ ከመሳቢያው ቀንሱ እንጂ ከዚህ አትቀንሱ።

ወለሉን እንዲህ ነው የምሠራው። የእነዚህ ቫኖች ወለል ብዙውን ጊዜ ሸንተረር ያለው ላሜራ ነው። ኮምፔንሳቶው በሸንተረሮቹ አናት ላይ ያርፋል፣ በመካከላቸው ያሉት ቦዮች ባዶ ይቀራሉ። አትሙሏቸው! አየሩ የሚያልፈው፣ ውኃው የሚወርደው በነሱ ነው። በእንጨቱና በብረቱ መካከል ቀጭን የጎማ ንጣፍ በየሸንተረሩ አናት ላይ ይለጠፋል፣ እንዳይንጫጫ። ወለሉ አንድ ወጥ ሳይሆን ሦስት ቁራጭ ይሁን፤ አንዱ ትልቅ ቁራጭ በዚያች ጠባብ በር አይወጣም፣ ወይ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ስኮርታውና ባትሪው ከወለሉ ሥር ከሆኑ በላያቸው የሚነሳ ክዳን ይኑር፤ ጎማ በዝናብ ውስጥ ሲተነፍስ መደርደሪያ መፍታት አትፈልጉም። ኮምፔንሳቶ ደግሞ ውኃ በብዛት የሚጠጣው በፊቱ ሳይሆን በተቆረጠው ጠርዙ ነው። ስለዚህ ጠርዙን ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት፣ የማይታየውን የታችኛውን ፊት ጭምር።

ቀዳዳ የመጨረሻ አማራጭ ነው። መጀመሪያ ፋብሪካው የተዋቸውን ቀዳዳዎች ሁሉ ፈልጉ። የጎን አጥንቶቹ ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛሉ፤ የቀበቶና የመቀመጫ ማሰሪያ ቦታዎችም አሉ። እነሱ ውስጥ የሚጠበቅ ዳዶ፣ ማለትም እንደ ሪቬት ተስቦ ላሜራው ላይ የሚቀር ጥርስ ያለው ቱቦ፣ ካስገባችሁ ኮምፔንሳቶው በብሎን ይታሰራል፣ በብሎን ይፈታል። የግድ አዲስ ቀዳዳ ካስፈለገ መጀመሪያ ከሥር ገብታችሁ እዩ። የነዳጅ ቱቦ፣ የፍሬን ቱቦ፣ ሽቦ፣ በአንዳንዶቹም የነዳጅ ታንከሩ ራሱ ከወለሉ ሥር ነው ያለው። ድሪሉ ላይ የእንጨት ቁራጭ አስገቡበት፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይዘልቅ። ከበሳችሁ በኋላ የብረት ብናኙን በማግኔትና በቫኪዩም ልቀሙት፣ የቀዳዳውን ጠርዝ አንቲሩጂኒ ቀቡት፣ ደርቆ ሲያልቅ ብቻ ዳዶውን አስገቡ። የተረሳ ብናኝ በመጀመሪያው እርጥበት ይዝግና ቀለሙን ያበላሻል።

ጎን ለመሥራት ደግሞ ሜትር ብቻውን አይበቃም። በአንዲት ቫን ላይ ግራውን ለክቼ ቀኙን በዚያው ቆርጬ 11 ሚሊ ሜትር ተሳስቻለሁ፤ ሁለቱ ጎኖች እኩል አልነበሩም። ብዙ ዓመት የኖረች፣ ምናልባትም አንድ ሁለቴ ተጋጭታ የተቀጠቀጠች መኪና ናት። ከዚያ ወዲህ በካርቶን ነው የምሠራው። ካርቶኑን በግምት አሳንሳችሁ ቁረጡ፣ ቦታው ላይ በፕላስተር ያዙት። ከዚያ በጂኦሜትሪ ኮምፓስ አንዱን እግር ላሜራው ላይ አስደግፋችሁ፣ እርሳስ ያለበትን እግር ካርቶኑ ላይ እያስኬዳችሁ፣ ከላይ እስከ ታች ጎትቱ። ኮምፓሱ የላሜራውን እያንዳንዱን እጥፋት ካርቶኑ ላይ ይገለብጠዋል። በመስመሩ ስትቆርጡት ልክክ ይላል። ኮምፔንሳቶ ላይ የሚሣለው ያ ካርቶን ነው። ስትቆርጡ ከላሜራው 5 ሚሊ ያህል አርቁት፤ የተነካካ ነገር መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ይንጫጫል።

መደርደሪያና መሳቢያውንም መጀመሪያ በካርቶን ሣጥን አስመስላችሁ አስገቡና አንድ ሳምንት ነድታችሁ ኑሩበት። ወረቀት ላይ ያማረ አቀማመጥ ዕቃ ለማውጣት ስትንበረከኩ ሌላ ነው። የጎማው ጉብታ ቦታ የሚበላ ይመስላል፣ ግን የመጀመሪያው መደርደሪያ ከፍታ የሚወሰነው በእሱ ነው፤ ከጉብታው አናት ላይ አንድ መደርደሪያ አስኪዱ፣ ከፊትና ከኋላው ያሉት ክፍተቶች ደግሞ ለከባድ ዕቃ ይሁኑ። እያንዳንዱ መደርደሪያ ፊቱ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ከንፈር ይኑረው። መሳቢያ ተዘግቶም ተከፍቶም መቆለፍ አለበት፤ ዳገት ላይ ቆማችሁ የኋላውን በር ስትከፍቱ ሙሉ መሳቢያ ጉልበታችሁ ላይ እንዳይመጣ። መሃሉን ግን ባዶ ተዉት። የሬኖ 4 ቫን ከኋላ በሩ በላይ ጣሪያው ላይ የምትከፈት ትንሽ ክዳን አላት፣ መሰላልና ረጅም ቱቦ ጫፉ እንዲወጣባት የተሠራች። መሃሉን በካቢኔት ዘግታችሁ ያችን ክዳን ከንቱ ማድረግ በጣም ያሳዝናል።

ስለ መብራቱ የምለው አጭር ነው፣ ግን ሦስት ነገር ሳታረጋግጡ ሽቦ አትንኩ። አንደኛ፣ ብዙዎቹ የድሮ መኪኖች 12 ሳይሆን 6 ቮልት ናቸው። ሁለተኛ፣ በተለይ የእንግሊዝ ሥሪት የሆኑት ሻንሲው ላይ የሚያስሩት ኔጌቲቩን ሳይሆን ፖዘቲቩን ሊሆን ይችላል፤ ኤልኢዲ መብራት ተገልብጦ ከታሰረ አይበራም፣ ስልክ መሙያ ደግሞ ሊቃጠል ይችላል። ሦስተኛ፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው አልተርኔተር ሳይሆን የጥንቱ ዲናሞ ከሆነ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚሰጠው በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ኤልኢዲ ብቻ፣ ለብቻው በተዘረጋ ሽቦ፣ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ። ሽቦው ላሜራ በሚያልፍበት ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባለት፣ አለበለዚያ የላሜራው ጠርዝ ቀስ በቀስ ይበላውና ሽቦው ከላሜራው ጋር ይገናኛል።

ረጅም ዕቃ ጭናችሁ የኋላውን በር ከፍታችሁ አትንዱ። ከኋላዋ የሚፈጠረው ባዶ አየር የማርሚታውን ጭስ ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም። የኋላ በር ጎማ ለውኃ ብቻ አይደለም ያስፈለገው።

ሲታሰር ሁሉንም ብሎን ኤም6 እና ኤም8 አድርጉት፣ ማለትም የ10 እና የ13 ቁልፍ ብቻ። የፋብሪካው ብሎኖች በኢንች የሆኑባት መኪና ከሆነች የነሱን ቦታ አትቀይሩ፣ የእናንተ የጨመራችሁትን ብቻ እንዲህ አድርጉት። በየቁራጩ ጀርባ በእርሳስ ጻፉ፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ፊት፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚወጣ። ከመክደናችሁ በፊት ደግሞ ባዶውን ላሜራ፣ የሽቦውን መንገድ፣ የቱቦዎቹን ቦታ ሜትር አስቀምጣችሁበት ፎቶ አንሱ። ፎቶውን አትማችሁ በፕላስቲክ ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር አስቀምጡት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ሲያበቃ፣ ሦስቱንም የወለል ቁራጮች አውጡና ያንን ፎቶ ይዛችሁ ሥሩን እዩት።